ትከሻ የማይቆርጥ ላፕቶፕ ለሊኑክስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ እየመጣሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ያለኝ ላፕቶፕ ባለ 15.6 ኢንች ነው። ከነቻርጀሩ ቦርሳዬ ውስጥ ሲገባ ድንጋይ የተሸከምኩ ይመስለኛል። ዓርብ ማታ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ስመጣ እግሬ ይደነዝዛል። ባትሪውም ሞቷል፤ ከሶኬት እንደተነቀለ ድርግም ይላል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ባልደረባዬ «ትንሽ ላፕቶፕ ግዢና በዊንዶውስ ፈንታ ነጻውን ሊኑክስ ጫኚበት» አለኝ። የምሠራው ጽሑፍ፣ የተማሪዎች ውጤት በኤክሴል፣ የመመረቂያ ጥናቴን ዳታ በኤስፒኤስኤስ ነው። ቴሌግራምም አለ። አማርኛ በብዛት እጽፋለሁ። አዲስ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። መገናኛ ያሉ ሱቆች የሚለጥፉትን በቴሌግራም አያለሁ። ሁሉም «ስላይትሊ ዩዝድ፣ በጣም ንጹሕ» ይላሉ። የቱን ልመን? የትኛውንስ ልግዛ?

መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ጋሼ ያልሽኝን ፀጉሬ ስለሚመሰክርብኝ ተቀብያለሁ። ወደ ጉዳይሽ እንግባ።

ሱቅ ስትገቢ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርሽ «ኮር አይ ፋይቭ፣ ይሄን ያህል ጄኔሬሽን፣ ይሄን ያህል ራም» የሚለውን ነው። ኪሎውን የሚነግርሽ የለም። ላንቺ ግን ዋናው እሱ ነው። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ የራሴን ላፕቶፕ ይዤ ሰፈራችን ባለሱቅ ጋ ወረድኩ። ስኳር የሚመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ልጁ «ጋሼ፣ በኪሎ ሊሸጡት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ላፕቶፑ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። ቻርጀሩን ስጨምርበት ወደ 1.8 ኪሎ ተጠጋ። የአንቺ ዓይነቱ ትልቁ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ሁለት ኪሎ ያልፋል፤ ቻርጀሩም ጡብ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ቻርጀርን እንደማይጨምር ልብ በዪ። ትከሻሽ ግን ይጨምረዋል።

መጠኑ 12.5 ወይም 13.3 ኢንች ይሁን። ከዚያ በታች አትውረጂ። በ2007 በፈረንጆቹ አሱስ ኢ ፒሲ የምትባል ባለ 7 ኢንች ላፕቶፕ ሊኑክስ ተጭኖባት ወጥታ ነበር። አንድ ኪሎ እንኳ አትሞላም። ዓለም ጉድ ብሎላት ነበር። ቁልፎቿ ላይ ግን የአዋቂ ሰው ጣት አያርፍም። አንዲት «ጨ» ለመጻፍ ሦስት ፊደል ትሳሳቻለሽ። አንቺ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው የምትጽፊው።

አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 2018 ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ከ8ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) በታች ያሉትን አይቀበልም። ስለዚህ 6ኛና 7ኛ ጄኔሬሽን የሆኑ፣ ምንም ያልሆኑ የቢሮ ላፕቶፖች ፈላጊ እያጡ ነው። ብረታቸው ጠንካራ፣ ኪቦርዳቸው ምቹ፣ መለዋወጫቸው የሚገኝ ነው። ሊኑክስ ደግሞ ጄኔሬሽን አይጠይቃቸውም። ሌላው ገዢ የሚሸሸው ዕቃ ነው ላንቺ የሚሆነው።

ዋጋ አልጽፍልሽም። መጽሔቱ እጅሽ እስኪገባ ይቀየራል። ስም ግን እጠራለሁ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የምፈልገው ሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ 270 ነው። ሚዛን ላይ ያስቀመጥኩት እሱን ነው። ትንሹን ባትሪ ከያዘ 1.3 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የእኔ ትልቁን ስለያዘ ከበደ። የወደድኩለት ባትሪው ሁለት መሆኑን ነው። አንዱ ውስጥ ነው፤ ሌላው ከኋላ ተነቃይ ነው። ኮምፒውተሩ እየሠራ የኋላውን ነቅለሽ ሌላ መሰካት ትችያለሽ፤ የውስጡ ይይዝልሻል። መብራት ለሚጠፋበት ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «ዩኤስቢ-ሲ» በሚባለው ገመድም ቻርጅ ይደረጋል። ወንድሙ ኤክስ 260 ይሄኛው የለውም፤ በቀረው ግን ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ራም የሚሰካባቸው አንድ አንድ ቦታ ብቻ ነው። 4 ጊጋ ተሰክቶበት ካገኘሽው አውጥተሽ 8 ወይም 16 ታስገቢበታለሽ።

ሁለተኛው ዴል ላቲቲውድ 7280 ነው። 1.2 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ቀለል ይላል። ባትሪው ግን ውስጥ የታሰረ አንድ ብቻ ነው። ከኤችፒ ኤሊትቡክ 820 ጂ 3ን ካገኘሽ አትለፊው፤ ሁለት የራም ቦታ አለው። ኪስሽ ትንሽ ከፈቀደልሽ ኤሊትቡክ 830 ጂ 5 ወይም ላቲቲውድ 7290 ጥሩ ናቸው። እነሱ 8ኛ ጄኔሬሽን ይገኙባቸዋል። ያኛው ትውልድ በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ከሁለት ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) ወደ አራት የዘለለበት ነው፤ ልዩነቱ ይታወቃል። ለጽሑፍና ለኤክሴል ብለሽ ግን አትበደሪ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሻል።

ስክሪኑን ጠይቂ። አንዱ ሞዴል ደብዛዛም ጥርት ያለም ስክሪን ይዞ ወጥቷል። 1366 በ768 የሚባለው ከጎን ሲያዩት ይጠቁራል፤ ጽሑፍም ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚያሳይሽ። 1920 በ1080 የሆነውን ፈልጊ። ሻጩ «ያው ነው» ካለሽ ያው አይደለም።

አሁን የራሴን ጉድ ላውጋሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ብርማ፣ ቀጭን፣ ባለ 11 ኢንች ላፕቶፕ አየሁና ልቤ ተሰረቀ። ስም አልጠራም። ክብደቷ የመጽሐፍ ያህል ነው። ዋጋዋም የዋህ ነበር። ሱቅ ውስጥ ዊንዶውስ ተከፍቶ ነበር፤ መስኮት ከፍቼ ዘጋሁ፣ ዘፈን አጫወትኩ፣ ገዛሁ። ማታ ቤት ገብቼ ፍላሼን ሰክቼ ሊኑክስ ላስነሳ ስል ጥቁር ስክሪን ላይ የቁልፍ ምልክት መጣ፤ ፓስወርድ ይላል። ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) ተቆልፏል። በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። «እኛም አናውቀውም፣ ከውጭ እንደዚሁ ነው የመጣው» አሉኝ። እንዲህ ያለው መቆለፊያ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ ሰሌዳው ላይ ያለ ቺፕ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በመከራ ቺፑን የሚያጸዳ ልጅ አገኘሁ። ተከፈተ። ከዚያስ? ራሙ 2 ጊጋ፣ ሰሌዳው ላይ የተበየደ። ማስቀመጫው 32 ጊጋ፣ እሱም የተበየደ። ብሮውዘር ከፍቼ ሻይ አፍልቼ እመለሳለሁ፤ ገጹ ገና ግማሽ ነው። በግማሽ ዋጋ ሸጥኳት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይሄ ከደረሰብኝ ባንቺ አይፈረድም።

ስለዚህ መገናኛ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የሰው ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አዘጋጂ። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለውን ዓይነት አውርጂ። 3 ጊጋ አካባቢ ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ ዋይፋይ ካለ እዚያ አውርጂው። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ትጽፊዋለሽ። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፤ የጥናትሽን ፍላሽ እንዳታደርጊው።

ሱቅ ገብተሽ ላፕቶፑ ሲጠፋ ፍላሹን ሰኪ። አብሪው። ቲንክፓድና ዴል ላይ ኤፍ 12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን ደጋግመሽ ተጫኚ። ዝርዝር ይመጣል፤ ፍላሹን ምረጪ። ሻጩ «ምን እያደረግሽ ነው?» ማለቱ አይቀርም። «ዊንዶውሱን አልነካም፣ ከፍላሽ ላይ ነው የሚሠራው» በዪው። እውነትም አይነካም። ፓስወርድ ከጠየቀሽ ፍላሽሽን ነቅለሽ ደህና ዋሉ ብለሽ ውጪ። ቅናሽ ቢያደርግልሽም ውጪ።

ሚንት ከተነሣ ሩብ ሰዓት ቁጭ በዪ። አትሸማቀቂ፤ ገንዘቡ ያንቺ ነው። የስልክሽን ሆትስፖት ክፈቺና ዋይፋዩ ያገኘው እንደሆነ እዪ። የኢንቴል ካርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይይዛል። አንዳንድ የብሮድኮምና የሪልቴክ ካርዶች ግን ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ዶሮዋና እንቁላሏ። እንዲያ ከሆነ ስልክሽን በኬብል ሰክተሽ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሪ፤ ሊኑክስ በዚያ በኩል ኢንተርኔት ያገኛል። ዘፈን አጫውቺ። ካሜራውን ክፈቺ። የጽሑፍ ገጽ ከፍተሽ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫኚ፤ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለግመው ስፔስና ኢንተር ነው። ከዚያ ክዳኑን ክደኚው። አንድ ደቂቃ ጠብቀሽ ክፈቺው። ካልነቃ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ሌላ ይስጡሽ። የጣት አሻራ ማንበቢያውን እርሺው። ብዙዎቹ ሊኑክስ ላይ ያስቸግራሉ፤ ለሱ ብለሽ ጥሩ ዕቃ አትተዪ።

ባትሪውን የሻጭ ምላስ አይመዝነውም። «አራት ሰዓት ይይዛል» የማይል ሻጭ አላጋጠመኝም። ሚንት ላይ ፓወር ማኔጀርን ከፍተሽ ዲቫይስስ የሚለውን ስትነኪ ሁለት ቁጥር ታያለሽ። አንደኛው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው። ሁለተኛው ዛሬ ሙሉ ሲሆን የሚይዘው ነው። አዲስ ሳለ 48 የነበረው ዛሬ 20 ከሆነ ከግማሽ በላይ አርጅቷል ማለት ነው። ቁጥሩን ለሻጩ አሳዪው። እኔ ባለፈው ሳሳየው ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከመደርደሪያ ሌላ ባትሪ አምጥቶ ቀየረልኝ።

ስለ ኤስፒኤስኤስ አልዋሽሽም፤ እንደ ዊንዶውሱ በቀላሉ አይጫንልሽም። ፒኤስፒፒ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መልኩ ይመሳሰላል፤ የኤስፒኤስኤስ ፋይልም ይከፍታል። ድግግሞሽ፣ አማካይ፣ ቲ ቴስት፣ ሪግሬሽን ይሠራል። ሁሉንም ግን አይሠራም። አማካሪሽን ጠይቂ። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይሁን ካሉሽ ተገላገልሽ፤ አር ሊኑክስ ላይ ቤቱ ነው። የለም፣ የግድ ኤስፒኤስኤስ ይሁን ካሉሽ ዊንዶውሱን አታጥፊው፤ ሚንት ሲጫን ከጎኑ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ለዚያ ማስቀመጫው ቢያንስ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይሁን። ፒችትሪ የምትጠቀም የሒሳብ ሠራተኛ ብትሆኚ ኖሮ ነገሩን ጨርሶ ተዪው እልሽ ነበር።

አማርኛው አያስጨንቅሽ። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ እዚህ አብሮሽ አይመጣም። በምትኩ ኪማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ለሊኑክስም አለ፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ ይጫንበታል። ስልክሽ ላይ በላቲን ፊደል እየነካሽ ፊደል እንደምታወጪው ነው፤ በሁለት ቀን ይለመዳል። ለፎንት አቢሲኒካ ወይም ኖቶን ጫኚ። ችግር የሚመጣው ከድሮ ፋይሎች ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 በፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ሰዉ በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንቶች ሲጽፍ ኖሯል። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ የተጻፈ የፈተና ፋይል ካለ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ዝባዝንኬ ሆኖ ይታይሻል። ፋይሉ አልተበላሸም። ፎንቱን አብረሽ ገልብጪና ጫኚው፤ ይመለሳል።

ከአሮጌው ላፕቶፕሽ የጥናትሽን ፋይል ሁለት ቦታ ሳትገለብጪ ምንም አትጀምሪ። ሁለት ቦታ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ጥያቄ

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ይማራል። ለገና ስመጣ «አጎቴ፣ ሊኑክስ የሚጫንበት ትንሽ ላፕቶፕ» ብሎኛል። ክሮምቡክ ርካሽ ሆኖ አየሁ። እሱን ላምጣለት?

መልስ

ክሮምቡኩን ይተዉት። ርካሾቹ ማስቀመጫቸው ጠባብ፣ ራማቸው የተበየደ ነው። መደበኛ ሊኑክስ ለመጫን ደግሞ ፈርምዌሩን (ሰሌዳው ላይ ያለውን የመነሻ ፕሮግራም) መነካካት ይጠይቃል። ልጁ ይችለው ይሆናል፤ ግን ሴሚስተሩን እሱ ላይ ያሳልፋል።

እዚያ አገር ከመሥሪያ ቤት የወጡ፣ ታድሰው የሚሸጡ ላፕቶፖች ሞልተዋል። ላይ ከጠራኋቸው ውስጥ 8ኛ ጄኔሬሽኑን ይምረጡለት፤ ሶፍትዌር ለሚማር ልጅ አራት ኮር ይጠቅመዋል። ራሙ 16 ይሁን። ቲንክፓድ ኤክስ 280 ካዩ አንድ ነገር ይወቁ፤ ቀላልና ቆንጆ ነው፣ ራሙ ግን የተበየደ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። 16 ጊጋውን ካላገኙ ይለፉት። አዲስና ቀጭን ሁልጊዜ ይሻላል ብለው ደግሞ አያስቡ። በፈረንጆቹ ከ2021 ወዲህ በወጡ አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ካሜራው ሊኑክስ ውስጥ አልነሣ ብሎ ሰው አስቸግሯል።

ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፦ ከቀድሞው ድርጅት መቆጣጠሪያ ወጥቷል ወይ? ድርጅቶች ላፕቶፖቻቸውን ከርቀት የሚቆልፉበት መንገድ አላቸው። ያልተለቀቀ ከሆነ ጅማ ላይ ተቆልፎ ሊቀርበት ይችላል፤ ያኔ እርስዎ ቨርጂኒያ ነዎት። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ ገመዱን ብቻ እዚህ በእኛ ሶኬት ይለውጡለታል። ተጨማሪ ባትሪ ከገዙለት እጅ ሻንጣ ውስጥ ይያዙት። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

ጥያቄ

ባለ 10 ኢንች፣ 1 ጊጋ ራም ያላት ሚኒ ላፕቶፕ አለችኝ። ሊኑክስ ብጭንባት ትነሣለች?

አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ትነሣለች። ትሮጣለች ግን አልልም። መጀመሪያ ፕሮሰሰሯን እይ፤ አቶም ኤን 270 ከሆነ የድሮው ዓይነት፣ ባለ 32 ቢት ብቻ ነው። ዋናው ሊኑክስ ሚንት ከ20ኛው ዕትም ጀምሮ እነዚህን ትቷል። ዴቢያን 12 የሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ግን ይጫንባታል። ለጽሑፍና ለመዝሙር ትበቃለች። ዩቲዩብ ለመክፈት አትሞክርባት፤ እሷም አንተም ትሞቃላችሁ። ራሟን ወደ 2 ጊጋ ማሳደግ የሚቻል ከሆነና አሮጌ ራም በነጻ የሚሰጥህ ጠጋኝ ካለ አስገባባት። በገንዘብ ግን እንዳትገዛላት።